ያገለገለ የመስታወት ፍሬም ዘመን ጠገብ መልክ እንዲይዝ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ በሰፈር ሲያልፍ ከየግቢው ከሚወጡት አሮጌ ዕቃዎች መካከል መስታወት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ብርጭቆው ደህና ሆኖ ሳለ የፍሬሙ ቫርኒሽ ስለወየበ፣ ማዕዘኑ ስለተላቀቀ ወይም ቀለሙ ስለተላጠ ብቻ ባለቤቱ ሊገላገለው ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፍሬም ገዝቶ፣ አጽድቶና ቀብቶ ለረጅም ዘመን ከቤተሰብ ጋር የኖረ የሚመስል ዕቃ ማድረግ ይቻላል፤ ሥራው የሚጠይቀውም ውድ ዕቃ ሳይሆን ከአራት እስከ ስድስት ቀን የሚዘልቅ ትዕግሥትና ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው።

ከቅደም ተከተሉ በፊት ግን አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል፤ እርጅና ቦታ ይመርጣል። አብዛኞቹ ያልተሳኩ ሥራዎች የሚበላሹት ፍሬሙን በዘፈቀደ፣ ሁሉንም ጎን እኩል በመፈግፈግ ነው። ቤታችን ውስጥ የአያቴ የእንጨት ሣጥን አለ። ክዳኑ በሚነሣበት የፊት ጠርዝ መካከል ላይ፣ አራት ጣት በሚያህል ስፋት፣ ቀለሙ ፈጽሞ አልቆ እንጨቱ ቅቤ እንደ ተቀባ ያብለጨልጫል። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀለሙ ቀስ በቀስ እየደመቀ ይመለሳል፤ በማጠፊያው ዙሪያና በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ደግሞ የዓመታት ጭስና አቧራ ተጋግሮ ከመጀመሪያው ቀለም ይልቅ ጠቁሯል። እጅ የነካው ይሳሳል፣ እጅ ያልደረሰበት ይጠቁራል። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት በቤትዎ ያለ አንድ አሮጌ ሣጥን፣ በርጩማ ወይም የበር እጀታ ዙሪያ በቀን ብርሃን አሥር ደቂቃ ያህል ተጠግተው ይመልከቱ። በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱ የት ማረፍ እንዳለበት የሚወስኑት በዚህ ጊዜ ባዩት ነው።

ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ መለየት

ፍሬሙን ገልብጠው ጀርባውን ይመርምሩ። ሙሉ እንጨት ከሆነ የእንጨቱ መስመር በጀርባውም በጫፉም ይታያል። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ከሆነ ያልተቀባው ክፍል መስመር የሌለው፣ የተጠቀጠቀ ብናኝ የሚመስል ነው፤ ይህ ዓይነቱ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል እንጂ አይታጠብም፣ ጠርዙም እስከ ውስጡ ከተፈገፈገ የሚታየው እንጨት ሳይሆን ብናኙ ስለሆነ ማታለሉ ወዲያው ይጋለጣል። እጅግ ቀላልና በጥፍር ሲጫኑት የሚጎደጉድ ፍሬም ደግሞ ከፎም የተሠራ ነው። ቲነር (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ፎምን ስለሚያቀልጠው በዚህ ላይ በውሃ ከሚበጠበጥ ቀለም ሌላ አይጠቀሙ።

ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ቅርጽ የወጣለትን፣ ከፍታና ዝቅታ ያለውን ፍሬም ይውሰዱ። ጥቁሩ ቀለም የሚያርፍበት ጎድጓዳ፣ የሚሳሳው ጠርዝ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ልሙጥ ፍሬም ለወርቅማ አጨራረስ አይመችም፤ ለእሱ ወደ ኋላ የምገልጸው እንጨቱን ራሱን የማጥቆር ዘዴ የተሻለ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አዳማ በቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያደገች ከተማ ስለሆነች ከነባር ቤቶች እውነተኛ ዕድሜ ያለው ዕቃ ሊወጣ ይችላል። በእጅ መላጊያ ወጣ ገባ ሆኖ የተላገ ጀርባና በእጅ የተቀጠቀጠ ምስማር ካዩ ቀለም አያስነኩት፤ ማጽዳትና በሰም መወልወል ይበቃዋል። በተለይ የብርጭቆው ጀርባ ቀለም ያልተቀባና ብረታማ ግራጫ ከሆነ አይፋቁት። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1835 እ.ኤ.አ. ብርጭቆን በብር የመለበጥ ዘዴ ካወጣ በኋላም ጭምር ለበርካታ ዓመታት መስታወት በቆርቆሮና በሜርኩሪ ውሁድ ይሠራ ነበር፤ ሜርኩሪ ደግሞ መርዝ ነው። በሌላ በኩል፣ በገዛ እጅዎ ያስረጁትን ፍሬም ለሌላ ሰው የሚሸጡ ከሆነ አዲስ ቅብ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩ።

በቆየ ፍሬም ላይ የተደራረበ የዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት። ብርጭቆ ወረቀቱን እያረጠቡ ይሥሩ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሕፃናትን ያርቁ፣ ብናኙንም በመጥረግ ፈንታ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት።

ብርጭቆውን ማውጣት ወይም መሸፈን

ብርጭቆው ሊወጣ ከቻለ ይውጣ። መስታወቱን ፊቱን ወደ ታች አድርገው በብርድ ልብስ ላይ ያስተኙ፣ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ የጀርባውን ምስማሮች አንድ በአንድ በፒንሳ ይንቀሉና ብርጭቆውን ግድግዳ አስደግፈው ሰው በማያልፍበት ቦታ ያቁሙት። በሲሊኮን ከተለጠፈ አይታገሉት። የወረቀት ፕላስተር በብርጭቆው ጠርዝ ዙሪያ ለጥፈው ቀሪውን በጋዜጣ ይሸፍኑ፤ በፍሬሙና በብርጭቆው መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ደግሞ ጠንካራ የወረቀት ቁራጭ እያስገቡ ይሥሩ።

የዘመናችን መስታወት ከኋላው ስስ የብር ሽፋንና በላዩ ላይ መከላከያ ቀለም አለው። ቲነር በጠርዙ በኩል ከገባ መከላከያው ይለቃል፣ ብሩም ይጠቁራል። በመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ በአንዱ፣ በጨርቅ ላይ በዛ ያለ ቲነር ይዤ የታችኛውን ጠርዝ ስጠርግ ጥቂት ጠብታ ወደ ውስጥ ወርዶ በሳምንቱ ጥቁር ነጠብጣብ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። ጉዳቱ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆው በማይወጣ ፍሬም ላይ ቲነር አልጠቀምም።

ብርጭቆው ከወጣ በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ነገር ይሥሩ፦ ብርጭቆው የሚያርፍበትን የፍሬሙን የውስጥ ከንፈር፣ ጀርባውን ጭምር ይቀቡ። መስታወቱ ይህን ጎን መልሶ ስለሚያሳይ፣ ሳይቀባ የቀረ ነጭ እንጨት በብርጭቆው ውስጥ እንደ ክር ሆኖ ይታያል።

ማጽዳትና ማስተካከል

ሳሎን ውስጥ የኖረ ፍሬም የቡና ከሰልና የዕጣን ጭስ፣ ወጥ ቤት አጠገብ የኖረ ደግሞ የዘይት እድፍ ተሸክሟል። ቀለም በቅባት ላይ አይዝም። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በተነከረና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጎድጓዳውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈልፍሉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው በጨመቁት ጨርቅ ደግመው ጠርገው አንድ ቀን ያድርቁት።

የተላቀቀ ማዕዘን ካለ አሮጌውን ሙጫ ፍቀው አዲስ ኮላ ይቀቡና ፍሬሙን ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ዙሪያውን ጠፍረው ይሰሩት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሉት ሁለቱ ሰያፍ ርዝመቶች እኩል መሆናቸውን በሜትር ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተንሻፏል፣ ብርጭቆውም በኋላ አይገባም። በማግሥቱ ላስቲኩ ይፈታል። ጥልቅ ቀዳዳዎችን በስቱኮ ይድፈኑ፤ ትንንሽ ጭረቶችንና የተጎነደሉ ጫፎችን ግን እንዳሉ ይተዉአቸው። ጊዜ የተወውን እውነተኛ ጠባሳ ደፍኖ በቦታው ሰው ሠራሽ ጠባሳ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። በመጨረሻም በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለው ብልጭታው እስኪጠፋ ይፈግፍጉ።

ስለ አዳማ ነፋስ

በከተማዋ ዳርቻ 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱና ደረቁ አየር በቀለም ሥራ ላይ ሁለት ነገር ያስከትላል፦ አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል፣ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ደግሞ በቅጡ ሳይተኛ ይደርቅና የብሩሹ ፈለግ ይቀራል። ስለዚህ በበረንዳ ሳይሆን በክፍል ውስጥ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ያለውን መስኮት ብቻ ከፍተው ይሥሩ። መስኮቱ ክፍት መሆኑ የግድ ነው፤ የአኳራጅ (ይህም የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ነው) እና የቲነር ትነት ለጤናም ለእሳትም አደገኛ ነውና በክፍሉ ውስጥ የተያያዘ ከሰልም ሆነ ሻማ መኖር የለበትም። ከመጀመርዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ወለሉ ላይ ውሃ ይርጩ፣ አቧራው ይተኛል። ሐዋሳ በሐይቁ አቅራቢያ ለሚኖር አንባቢ፣ በተለይ በክረምት፣ ችግሩ ተቃራኒው ይሆናልና ከዚህ በታች የሰጠኋቸውን የማድረቂያ ጊዜያት ማርዘም አለበት።

ጀሶ የተቀላቀለበት ሁለት ቀለም

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ተራ የፕላስቲክ ቀለም ብቻውን ሲፈገፈግ እንደ ላስቲክ ይላጣል፤ ጀሶ ሲጨመርበት ግን ብልጭታ ያጣል፣ ሲፈገፈግም እየደቀቀ ስለሚወጣ ጠርዙ በእውነት የተበላ ይመስላል። አንድ እጅ ጀሶ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጠው ጓል እስከማይኖረው ድረስ ያማስሉ፤ ከዚያ ሦስት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ጨምረው በስስ ጨርቅ ያጥልሉት። ጀሶ ስለሚጠጥር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሚጠቀሙት በላይ አይበጥብጡ።

መጀመሪያ ፍሬሙን በጥቁር ቡናማ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው ያሳድሩት። ቀላ ያለ እንጨት ቀለሙን ወደ ላይ እያወጣ ነጩን ቅብ የሚያበላሽበት ጊዜ ስላለ፣ እንዲህ ያለ ከሆነ አስቀድመው አንድ እጅ የዘይት ፕራይመር ይቀቡ። በማግሥቱ ነጭ ሻማ ይውሰዱና ቀለሙ እንዲያልቅ በሚፈልጉበት ቦታ ላይ ብቻ ጫን ብለው ያሹ። ቦታው የት ነው? ሰው የተንጋደደ መስታወት የሚያቃናው ከሁለቱ የታች ማዕዘኖችና ከጎኖቹ መሐል ይዞ ነው፤ የሚጠርግ እጅ ደግሞ የቅርጹን ከፍታ ይነካል። ሻማው እነዚህን ብቻ ይንካ።

አሁን ጀሶ ያለበትን የላይኛውን ቀለም ይቀቡ። የወተት ቀለም፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰማያዊ ይስማማል፤ ንጹሕ ነጭ ግን ከአዲስ ሱቅ የወጣ ስለሚያስመስለው ጥቂት ቡናማ ጠብ ያድርጉበት። ሁለት ስስ ቅብ፣ በመካከላቸው አራት ሰዓት ልዩነት፣ ከዚያ አንድ ሌሊት። ሻማ ባረፈበት ቦታ ቀለሙ በደንብ ስላልያዘ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ሲነኩት ይነሣና ቡናማው ብቅ ይላል። እዚህ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። ሁለት ጊዜ ፈግፍገው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ይመልከቱ፤ የጎደለውን ነገም መፈግፈግ ይቻላል፣ የበዛውን ግን እንደገና መቀባት ግድ ይሆናል።

ወርቅማ አጨራረስ

ጥንታዊ የወርቅ ቅብ ፍሬሞች ጠርዛቸው ላይ ቀላ ብለው የሚታዩት ወርቅ ለባጮች ስሱን የወርቅ ቅጠል በቀይ ሸክላ ላይ ያሳርፉ ስለነበር ነው፤ ወርቁ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቀይ ይገለጣል። ዓይናችን ሳናውቀው ይህን ይጠብቃል፤ በነጭ ወይም በጥሬ እንጨት ላይ በቀጥታ የተቀባ ወርቅማ ቀለም ርካሽ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ለብረት በር የሚቀባው ቀዩ አንቲረስት ከዚያ ሸክላ ጋር የሚቀራረብ ቀለም አለው። አንድ ስስ እጅ ቀብተው ቢያንስ 24 ሰዓት ያድርቁት፣ በቁጥር 320 ያለስልሱት፣ ብናኙን ጠርገው ወርቅማውን ቀለም በጥቂቱ በተነከረ፣ ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ ያሳርፉ። እያንዳንዱን ጉድጓድ መሙላት አያስፈልግም። በማግሥቱ ከፍ ያሉትን ጠርዞች በቁጥር 400 እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያሻሹ፤ ቀዩ እንደ ጭላንጭል መታየት ሲጀምር ያቁሙ።

ጥሬ እንጨትን ማጥቆር

ቫርኒሹ ሙሉ በሙሉ ለተነሣለት ልሙጥ ፍሬም ቀለም ሳይቀቡ እንጨቱን ራሱን ማስረጀት ይቻላል። አንድ እፍኝ የድስት መፈተጊያ ሽቦ፣ የማይዝገው ዓይነት ሳይሆን ተራው የብረት ሽቦ፣ በሳሙና አጥበው በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አቼቶ ያፍስሱበትና ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። ክዳኑን ፈጽሞ አያጥብቁት፤ ብረቱና አሲዱ ሲገናኙ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣ ማሰሮውን ከእሳት ያርቁ። ፍሬሙን አስቀድመው በጣም በወፈረ ጥቁር ሻይ ቀብተው ያድርቁት፣ ከዚያ የተጠለለውን ፈሳሽ በብሩሽ ያሳልፉበት። በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል። ከእንጨት እንጨት ውጤቱ በጣም ስለሚለያይ አስቀድመው በጀርባው ላይ ይሞክሩት።

ኮላ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ቀለም በመደረብ የላይኛው ቅብ እንዲሰነጣጠቅ ማድረግም ይቻላል፤ ኮላው በወፈረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። በፍሬሙ ሁሉ ላይ ሲሆን ግን የደረቀ ጭቃ ስለሚመስል እኔ ከአንድ ማዕዘን አላሳልፈውም።

ጎድጓዳውን ማጥቆር

ሥራው ሁሉ መልክ የሚይዘው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ጀሶ ያለበት ቅብ ፈሳሽ ስለሚመጥ በቀጥታ ጥቁር ቀለም ካረፈበት ተበክሎ ይቀራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ስስ እጅ በውሃ የሚቀጥን፣ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ተቀብቶ መድረቅ አለበት። ከዚያ አንድ እጅ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በሁለት እጅ አኳራጅ አቅጥነው፣ የፍሬሙን አንድ ጎን ብቻ፣ ወደ ጎድጓዳው ውስጥ እያስገቡ ይቀቡ። ፍሬሙ ከፎም ከሆነ ግን አኳራጁን ትተው የፕላስቲክ ቀለም በውሃ አቅጥነው ይጠቀሙ፤ እሱ ቶሎ ስለሚደርቅ ወዲያው መጥረግ ያስፈልጋል። ለዘይቱ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀው በጥጥ ጨርቅ ከፍታውን ብቻ ይጥረጉ። ጨርቁ በጣት ላይ ተወጥሮ ይያዝ፤ ከተጨማደደ ወደ ጎድጓዳው ገብቶ መቅረት ያለበትን ቀለም ያነሣዋል።

እዚህም ቦታ ይመረጣል። አቧራ ከላይ ወደ ታች ስለሚያርፍ፣ በታችኛው የፍሬም ዘንግ ላይ ወደ ላይ የሚያየው ፊት ከሌላው ይጠቁር፤ የላይኛው ዘንግ የታች ፊት ደግሞ ንጹሕ ይቅር። አራቱም ማዕዘኖች ከቀጥታው ጎን በመጠኑ ይጥቆሩ። በዚህ ብቻ ፍሬሙ ለዓመታት በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ይመስላል። ከፈለጉ በጥርስ ብሩሽ ጫፍ ጥቂት የቀጠነ ጥቁር ቀለም ፈንጥቀው የዝንብ ነጠብጣብ የሚመስል ያሳርፉ፤ በአንድ ጎን ከአሥር ነጠብጣብ በላይ ግን ይበዛል።

አኳራጅ፣ የዘይት ቀለም ወይም የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በውስጡ ሙቀት አጠራቅሞ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቆቹን ውሃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩ ወይም ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁ። በአዳማ ሙቀት ይህን ማዘግየት አይገባም።

በሰም መጨረስና መስቀል

ጥቁሩ ቀለም 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ፍሬሙን በሰም ይወልውሉ። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጠው፣ ከእሳቱ ፈጽመው ካራቁ በኋላ ሦስት እጅ አኳራጅ ጨምረው ያማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ቅባት ይሆናል። ይህን ማዘጋጀት ለማይፈልግ፣ ወይም ለፍሬሙ ጠቆር ያለ ሰም የሚስማማው ከሆነ፣ ቡናማ የጫማ ቀለም ሥራውን ይሠራል። ሁለቱም ማቅጠኛ ስላለባቸው ፎም ላይ አይቀቡ። አቀባቡ የሊስትሮ ነው፦ በጨርቅ ጥቂት ይዞ በክብ እንቅስቃሴ ማሸት፣ ሃያ ደቂቃ መተው፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ በሁለት እጅ ወጥሮ ከላይ ወደ ታች በፍጥነት መወልወል። ሻማ ተጠቅመው የገለጡት ጠርዝ ይበልጥ ይወልወል፤ የአያቴ ሣጥን ክዳን ያብለጨለጨውም በእጅ ብዛት ነውና።

ብርጭቆውን ሲመልሱ በጠርዙና በፍሬሙ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ፣ ጀርባውን በካርቶን ሸፍነው ምስማሮቹን ወደ ጎን ይምቱ እንጂ ወደ ብርጭቆው አያዘንብሉ። ከመስቀልዎ በፊት ክብደቱን ያስሉ። አንድ ሜትር ካሬ ብርጭቆ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለ ፍሬሙ 5.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በፊሸር በገቡ ሁለት ብሎኖች፣ በጭቃ ቤት ደግሞ ልስኑ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ ይሰቀል። ቀትር ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሰሙን ስለሚያለሰልስ፣ መታጠቢያ ቤት ደግሞ እንፋሎቱ የብርጭቆውን ጠርዝ ስለሚያጠቁር ሁለቱንም ያስወግዱ። ብርጭቆውን ሲያጸዱ ውሃውን በጨርቁ ላይ ያድርጉ እንጂ በቀጥታ አይርጩበት፤ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ የሚያርፈው የበለጠ በደከሙበት በታችኛው ዘንግ ላይ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሰሙ ሲጠነክር በደረቅ የሱፍ ጨርቅ አንድ ጊዜ ደግመው ይወልውሉት።